የላትኬ ጥያቄና መልስ፦ ድንቹ ለምን ይበታተናል? ለምን ዘይት ይጠጣል?

ላትኬ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች (የአሽከናዚዎች) የሃኑካ (ስምንት ቀን የሚቆይ የአይሁድ በዓል) ምግብ ነው። እስራኤል ውስጥ በዕብራይስጥ ሌቪቫ ይሉታል፣ ሲበዛ ሌቪቮት። ጥሬ ድንች ተፈቅፍቆና ተጨምቆ፣ ከሽንኩርትና ከእንቁላል ጋር ተደባልቆ በዘይት ይጠበሳል። መልሶቹ በሙሉ በዚህ ልክ ላይ የቆሙ ናቸው፦ 1 ኪሎ ድንች፣ 200 ግራም ያህል የሚመዝን 1 ትልቅ ሽንኩርት፣ 2 እንቁላል፣ 4 የሾርባ ማንኪያ የማጻ (የፋሲካ ቂጣ) ዱቄት ወይም የፉርኖ ዱቄት፣ 10 ግራም ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ። ከዚህ 18 ያህል ላትኬ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ስገለብጠው ይበታተናል። ዱቄት ብጨምርበት ደግሞ ሊጥ ሊጥ አለ። ምን ይሻላል?

ዱቄቱን ይተዉት፣ ችግሩ ውሃው ነው። ከ100 ግራም ድንች 80 ግራም ያህሉ ውሃ ነው። ያ ውሃ ካልወጣ ዘይቱ ውስጥ እየፈላ ድንቹን ይገፋዋል፤ አንዱ ከሌላው ሊያያዝ አይችልም።

ድንቹንና ሽንኩርቱን በመፈቅፈቂያው ሰፊ ቀዳዳ ይፈቅፍቁ። ጎድጓዳ ሳህን ላይ ንጹሕ የወጥ ቤት ፎጣ ዘርግተው ከተፈቀፈቀው ሲሶውን ብቻ ያስገቡ፤ ጫፎቹን ሰብስበው እንደታጠበ ልብስ ይጠምዝዙት። ጠብታው ሲቆም አልቋል አይበሉ። ፎጣውን ፈትተው ድንቹን በእጅ በተን በተን አድርገው እንደገና ይጠምዝዙ፤ በሁለተኛው ዙርም ብዙ ውሃ ይወጣል። በደንብ የተጨመቀ ድንች በእፍኝ ሲጨብጡት መዳፍ ያረጥባል እንጂ አይንጠባጠብም።

የወጣውን ውሃ እንዳይደፉት! 10 ደቂቃ ሳይነኩት ይተዉትና ላዩን ቀስ ብለው ያፍስሱት። ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ያገኛሉ፤ በጣት ሲጫኑት ይጠነክራል፣ ሳህኑን ሲያዘነብሉት ደግሞ ይፈሳል። ይህ ስታርቹ ነው። አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው፤ ግን ላትኬን የሚይዘው ከዱቄቱ ይልቅ እሱ ነው። በማንኪያ ፍቀው ወደ ድንቹ ይመልሱት፣ ከዚያ እንቁላሉንና ዱቄቱን ይጨምሩ። ጨው የመጨረሻ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ድንቹ ውሃውን ይለቃል። ዘይቱ መጥበሻው ላይ ሲሞቅ ያኔ ጨው ጨምረው ወዲያው መጥበስ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ድንች ልግዛ?

ስታርቹ የበዛ፣ ሲቀቀል የሚፈረካከስ። አሜሪካ ያላችሁ ቡናማ ልጣጭ ያለውን ራሴት ውሰዱ። እስራኤል ገበያ ላይ የሚበዛው ቀይ ልጣጩ ደዚሬ መካከለኛ ነው፤ ሁለቴ ከተጨመቀ ጥሩ ይወጣል። ስሙን ካላወቁት ቆርጠው ይዩት፦ ቢላው ላይ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ከተወ ለላትኬ ይሆናል። ሌላም መፈተኛ አለ። 1 ስኒ ጨው በ11 ስኒ ውሃ በጥብጠው ድንቹን ይጨምሩበት፤ ስታርቻም ድንች ይሰጥማል፣ ለሰላጣ የሚሆነው ይንሳፈፋል። አዲስና ትንንሽ ድንች ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ጠብሼ ሳልጨርስ ድንቹ ግራጫ ይሆናል። ተበላሽቷል?

አልተበላሸም፣ አየር ስላገኘው ነው። ሽንኩርቱን ለየብቻ ሳይሆን ከድንቹ ጋር እያፈራረቁ ይፈቅፍቁት፤ የሽንኩርቱ ጭማቂ መጥቆሩን ያዘገየዋል። 2 ኪሎ የሚሠሩ ከሆነ ለሁለት ከፍለው ያዘጋጁት። በሳህኑ ላይ የሚጠራቀመውን ውሃ በየዙሩ ያስወግዱ፣ ካልሆነ የመጨረሻዎቹ ላትኬዎች እንደ ገንፎ ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ ዘይት ይጠጣል። ዘይት ስቀንስ ደግሞ ይይዝብኛል።

ዘይቱን መቀነስ አይረዳም፤ ዘይት የሚጠጣው መጥበሻው ሳይግል ስለሚገባ ነው። ዘይቱ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፣ ሙቀቱ ከ175 እስከ 185 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ቴርሞሜትር ከሌለ አንዲት የድንች ክር ይጣሉበት፦ ዝም ካለ ገና ነው፤ ወዲያው ዙሪያዋን አረፋ ከከበባትና በአንድ ደቂቃ ገደማ ከቀላች ደርሷል፤ በ15 ሴኮንድ ከጠቆረች እሳቱን ይቀንሱ።

28 ሴንቲ ሜትር በሆነ መጥበሻ ከአራት በላይ አያስገቡ። አምስተኛው ሲገባ ሙቀቱ ይወርድና ሁሉም ዘይት ይጠጣሉ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል አስገብተው ጀርባውን ጫን በማድረግ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 1 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ውፍረት ያስይዙት። ጠርዙን አያስተካክሉ፤ የተንጨባረሩት ክሮች ናቸው የሚንኮሻኮሹት። በአንድ ጎን ከ3 እስከ 4 ደቂቃ፣ ጠርዙ ዙሪያውን ሳይቀላ አይንኩት። ሲወጣ ሶፍት ላይ ብዙ ካቆዩት በራሱ እንፋሎት ይልማል፤ የሽቦ መደርደሪያ ላይ ያድርጉት።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ በተባለው ሙቀት ጠበስኩ፤ ላዩ ጠቆረ፣ ውስጡ ጥሬ።

ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የድንቹ ውስጥ እርጥበት እያለው ከዚያ በላይ አይሞቅምና ለመብሰል ጊዜ ይፈልጋል፤ ዘይቱ ግን ላዩን እንደማንኛውም ቦታ ያጠቁረዋል። የዘይቱን ሙቀት ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ይቀንሱ፣ ላትኬውን አሳስተው በየጎኑ አንድ ደቂቃ ይጨምሩለት።

ጥያቄ፦ እንቁላል ሳይገባ ይሆናል? ጾም ላይ ነኝ።

ይሆናል፣ ጥያቄውም በየዓመቱ የሚመጣ ነው፤ ሃኑካ ሁልጊዜ ጾመ ነቢያት ውስጥ ነው የሚውለው። በሁለቱ እንቁላል ፋንታ 100 ግራም የተቀቀለ ድንች አልመው ያስገቡ፣ ከራሱ ከሚወጣው ስታርች ሌላ 2 የሾርባ ማንኪያ የድንች ስታርች ይጨምሩ። መጠኑን ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ያሳንሱት፣ ሳይቸኩሉ ይገልብጡት። የማጻውን ወይም የፉርኖ ዱቄቱን በስታርች ከተኩት ግሉተን (የስንዴ ፕሮቲን) የማይስማማውም ሰው ይበላዋል።

ጥያቄ (ከነታንያ፣ እስራኤል)፦ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሌቪቮት ተምረው መጡ። ወላጆቻችን ጎንደር ሳሉ ይህን ለምን አላወቁትም?

እህቴ፣ ሃኑካ የሚያስበው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ164 ዓመት ገደማ በኢየሩሳሌም መቅደሱ ዳግም መቀደሱን ነው፤ ይህ ደግሞ ከኦሪት በኋላ የመጣ በዓል ነው። ቤተ እስራኤል ኦሪትን ይዘው የቆዩ ስለሆኑ ሃኑካ በበዓሎቻቸው ውስጥ አልነበረም። እስራኤል ከገቡ በኋላ ነው የተቀበሉት፤ አሁን ከስግድ (ከቤተ እስራኤል የራሳቸው በዓል) በኋላ አንድ ወር ሳይሞላ ይከተላል። ስለዚህ ወላጆችዎ የረሱት ወይም ያጎደሉት ነገር የለም።

የድንቹ ነገር ደግሞ ለአሽከናዚዎቹም የቅርብ ነው። ድንች ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ በምሥራቅ አውሮፓ የድሃው ምግብ የሆነው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ከዚያ በፊት የሃኑካ ጥብስ በአይብ ወይም በሌላ እህል ዱቄት ይሠራ ነበር። ኢትዮጵያም ድንችን ያገኘችው በዚያው መቶ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር በኩል ነው። የበዓሉ ፍሬ ነገር ዘይቱ ነው፤ ለአንድ ቀን የሚበቃ ዘይት ስምንት ቀን ነደደ የሚለውን ለማሰብ። ሌቪቮት የሚለው ቃል ራሱ በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13፣ ትዕማር ለአምኖን ባዘጋጀችው ምግብ ላይ አለ፤ ያኔ ግን ድንች በዚያ ምድር አልነበረም።

ጥያቄ፦ በምን ይቀርባል?

በጎምዛዛ ክሬም ወይም ተቀቅሎ በላመ ፖም። የኮሸር (ሥጋና ወተት አብሮ የማይቀርብበትን የአይሁድ የምግብ ሕግ የሚከተል) ቤት ከሆነ ላትኬው ከሥጋ ጋር በሚቀርብበት ማዕድ ክሬሙ ይቀራል፣ ፖሙ ግን ከሁለቱም ጋር ይሄዳል። በድሮው ልማድ በዝይ ስብ የተጠበሰም ከወተት ጋር አይቀርብም። እንቁላሉን አንድ በአንድ በብርጭቆ ሰብረው ደም እንደሌለበት አይተው ያስገቡ። ፖሙን ሲያዘጋጁ 4 ፖም ልጠው ከሩብ ስኒ ውሃ ጋር ክዳን ገጥመው 15 ደቂቃ ይቀቅሉና በሹካ ይዳምጡት፤ ጣፋጭ ፖም ከሆነ ስኳር አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ለ20 ሰው ከአንድ ቀን በፊት ሠርቼ ማሳደር እችላለሁ?

ጥሬውን አያሳድሩ፤ ይጠቁራል፣ ውሃም ይለቃል። ጠብሰው ያሳድሩት። ለ20 ሰው ለያንዳንዱ ሦስት ሲታሰብ ከሦስት ኪሎ ተኩል ያላነሰ ድንች ይፈልጋል። ትንሽ ፈካ እንዳለ አውጥተው ሙሉ በሙሉ ያቀዝቅዙ፣ ሳይደራረብ ትሪ ላይ ፍሪዘር ያስገቡት፣ ሲጠጥር በከረጢት ይሰብስቡት። በማግስቱ ሳያቀልጡ 220 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን፣ በሽቦ ላይ፣ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ። ማይክሮዌቭ ውስጥ ግን አያስገቡት፣ ይልማል። እንግዳ እየጠበቁ ትኩሱን የሚጠብሱ ከሆነ ደግሞ የወጣውን 100 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ይቻላል።

ጥያቄ፦ የትኛው ዘይት? የተረፈውስ?

የተጣራ የሱፍ ዘይት፣ ሙቀት ስለሚችልና ጣዕም ስለማይጭን። ሲጠብሱ ሥር የሚቀሩትን የድንች ፍርፋሪዎች በወንፊት ማንኪያ በየዙሩ ያውጡ፤ የሚያጨሱትና ዘይቱን የሚያመሩት እነሱ ናቸው። ዘይቱ እሳት ከያዘ ውሃ በጭራሽ አይድፉበት፤ እሳቱን አጥፍተው ክዳን ይግጠሙበት፣ መጥበሻውንም ከቦታው አያንሱት። የቀረውን ሲቀዘቅዝ አጥልለው አንዴ መልሰው ይጠቀሙበት፤ ከዚያ በኋላ በጠርሙስ አሽገው ከቆሻሻ ጋር ይጣሉት፣ ማጠቢያው ውስጥ ከደፉት ቱቦው ላይ ይረጋል።