ክትባት ክፍል ለተመደባችሁ ልጆቼ

ዘንድሮ ተመርቃችሁ ጤና ጣቢያ የገባችሁ፣ በተለይ ክትባት ክፍል ተመድባችሁ "እዚህ ደግሞ ምን ልማር ነው" ብላችሁ ያኮረፋችሁ ልጆች፣ እስቲ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። እኔም አኩርፌ ነበር። 1985 ዓ.ም. ነው፣ ገጠር፣ እናቶች ከሌሊት ጀምረው በእግር መጥተው ደጅ ላይ ተደርድረው የሚጠብቁበት፣ ስራው በቃ የክትባቱ ማቀዝቀዣ በረዶ ሳይቀልጥ መውጋት መመዝገብ መውጋት መመዝገብ ነው።

አንዷ እናት ለ45 ቀን ክትባት መጣች። ልጅቷ ሞላ ያለች፣ ደህና የምትጠባ (የሚያታልለው ይሄ ነው፣ መጀመሪያ ላይ የታመሙ አይመስሉም)፣ አይኗ ግን ቢጫ ነው። አማቷ የወፍ በሽታ ነው ብላታለች። እኔ ደግሞ የተማርኩት ሴትዮ ነኝና "አይዞሽ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂያት፣ ይለቃታል" አልኳት። እሷ ግን አልሄደችም፣ የታቀፈችበትን ፈታ ጨርቁን ገልጣ አሳየችኝ፣ "ሲስተር፣ ካካዋ እንዲህ ነው፣ ኖራ ነው የሚመስል።" አየሁት። እንደ ኖራ ነጣ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ሽንቷ ጨርቁን እንደ እርድ አቅልሞታል። ኋላዋ የቆሙት እያጉረመረሙ ነበር መሰለኝ "እሺ እሺ ጠቅልያት፣ ቀጣይ" አልኩ።

እስከ ዛሬ ያቺን "ቀጣይ" እሰማታለሁ።

የ10 ሳምንቱን ቀረች። በ80 ቀኗ ክርስትና ተነስታ፣ በ14 ሳምንቷ ስትመጣ ሆዷ ተነፍቷል፣ የወጋሁት ቦታ ደሙ አልቆም አለ፣ ጥጥ በጥጥ ላይ ብጨምርም አልቆመም፣ እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው ያኔ ነው። ሪፈር ጻፍኩ፣ አዲስ አበባ ሄዱ። በሽታው ቢሊያሪ አትሬዥያ ይባላል፣ ከጉበት ሐሞት የሚያወጣው ቱቦ ይዘጋል፣ ሐሞት አንጀት ስለማይደርስ ካካው ይነጣል፣ ቫይታሚን ኬም በደንብ ስለማይመጠጥ ደም አይረጋም፣ ሐሞቱ እዛው ተጠራቅሞ ጉበቱን ያበላሸዋል። ፀሐይ ደግሞ ለዚህ ምንም አትሰራም፣ ብርሃን የሚረዳው ለሌላኛው አይነት ቢሊሩቢን (አይንን ቢጫ የሚያደርገው ነገር) ነው።

እናቷ ከአዲስ አበባ ስትመለስ ምን አለችኝ መሰላችሁ፣ ሳትቆጣ፣ ዝም ብላ፣ "ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ ያኔ ያሳየሁሽን እኮ ነው።"

ኦፕራሲዮን አለው። ሞሪዮ ካሳይ የሚባል ጃፓናዊ ሐኪም በ1950ዎቹ (በፈረንጅ) የጀመረው ነው፣ አንጀቱን ስበው ጉበቱ ላይ ይሰፉታል፣ የሚሻለው ግን ከተወለደ 60 ቀን ሳይሞላው ሲሰራ ነው። ቢሰራም ለሁሉም አይሆንም፣ ብዙዎቹ ኋላ ላይ የጉበት ንቅለ ተከላ ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ "በጊዜ ብልካት ትድን ነበር" ብዬ ራሴን አልሰቅልም፣ ነፃም አላወጣም። ቁጥሩን ግን እዩት፣ 45 ቀን፣ 60 ቀን፣ 80 ቀን። እኔ ያየኋት 15 ቀን ሲቀራት ነው።

አመት ከሁለት ወር ኖረች። መጨረሻ ላይ ሐሞቱ ቆዳዋን እያሳከካት ጆሮዋን እስኪደማ ትፎክት ነበር፣ እናቷ እጆቿ ላይ ካልሲ አጥልቃላት ትመጣለች፣ ልጅቷ በካልሲው እጅ ጉንጬን ትይዘኝና ትስቃለች። አንደኛው ቀይ አንደኛው ሰማያዊ ነበር ካልሲው።

በሽታው ብርቅ ነው፣ ከ10,000 እስከ 15,000 ልጅ አንድ ቢያጋጥም ነው ይባላል። በአመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ልጅ ለሚወለድበት አገር እናንተው አካፍሉት። ስለዚህ ሁለት ሳምንት አልፎት አይኑ ቢጫ የሆነን ልጅ ፀሐይ አሙቂው ብላችሁ አትሸኙ፣ ዳይሬክት ቢሊሩቢን (ሐሞት መውጫ ሲያጣ ደም ውስጥ የሚጨምረው አይነት) ይታይለት፣ ላቦራቶሪ ከሌላችሁ ሪፈር በሉ። ካካውን ጠይቁ፣ ከመጠየቅም ማየት ይሻላል፣ አሁንማ ሁሉም ስልክ አለው፣ ዳይፐሩን ፎቶ አንስተሽ አምጪ በሏት። ታይዋኖች ከ2004 (በፈረንጅ) ጀምሮ የካካ ቀለም የተሳለበት ካርድ ለእናቶች በመላ አገሩ ይሰጣሉ፣ ወረቀት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። እኛ ክትባት ክፍል ግድግዳ ላይ ብንለጥፈው ምን ይከብዳል?

እኔ ጡረታ ወጥቼም አመሉ አልለቀቀኝም። ባለፈው ታክሲ ውስጥ አጠገቤ አራስ ልጅ የታቀፈች ልጅ ተቀመጠች፣ የህፃኑ አይን ቢጫ መሰለኝ፣ "የኔ እመቤት፣ ካካው ምን ይመስላል?" ስላት መጀመሪያ ጤነኛም አልመሰልኳት፣ ረዳቱ ሳይቀር ዞሮ አየኝ። ኋላ ነርስ ነበርኩ ስላት ሳቀችና የዛን ጠዋቱን ዳይፐር ለአክስቷ የላከችውን ፎቶ ከስልኳ አወጣችልኝ። ቢጫ ነው፣ እንደ ሰናፍጭ፣ ጥሩ ቢጫ። ልጁስ ስንት ቀኑ ነው ስላት ዘጠኝ። አይ ጥሩ ነው፣ ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን አሳይው አልኳትና ሰፈሬ ሳይደርስ ወራጅ አለ ብዬ ወረድኩ።