የግራፊክስ ካርድ ፋን ሲሞት፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ ወገኖች? ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሰሞኑን በአንድ ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው ፋኑ (ማቀዝቀዣ ማራገቢያው) የቆመ ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣውን የኮምፒውተር ክፍል፣ ይዞልኝ መጣ። ሁለቱ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርጉ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ጌም ቤት አለው። ሦስቱም የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «አዲስ ካርድ ልግዛ?» ኧረ ቆዩ! መዳፍ ለማታክል ፋን ሲባል ደህና ካርድ ሲጣል አንጀቴ ያራል። እስቲ ጠይቁኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ከወልድያ፦ ጋሼ፣ ኮምፒውተሬን ስከፍት የካርዱ ፋን ትንሽ ዞሮ ይቆማል። ሞቷል ማለት ነው?

ላይሞት ይችላል። ከ2014 ወዲህ የወጡ ብዙ ካርዶች (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምቆጥረው) ሳይሞቁ ፋናቸው አይዞርም። ፌስቡክ ስታይ ቆሞ ይውላል፤ ሙቀቱ 50 ወይም 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይነሳል። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫንና ፋኑን በእጅህ 70 ፐርሰንት ላይ አድርገው። ከዞረ ደህና ነው። ካርድህ ባለ ሁለት ፋን ከሆነ ግን ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አትመን፤ በስልክህ መብራት ጎንበስ ብለህ ሁለቱንም እይ።

ካልተነሳ ኮምፒውተሩን አጥፋና ክንፉን በጣትህ ነካ አድርገው። እንደ ልቡ የሚሽከረከር ከሆነ ችግሩ ሞተሩ ወይም ሽቦው ጋ ነው። ያዝ ያዝ የሚያደርገው ከሆነ የውስጡ ቅባት ደርቋል።

ከኮምቦልቻ፦ የኔ ጠዋት ስከፍተው እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ አሥር ደቂቃ ሲቆይ ይተወዋል። ልጠብቅ ወይስ ልቀይረው?

የኔ እህት፣ እሱ ደርቆ ነው። ለጊዜው የሚያስታግስ ነገር ልንገርሽ። ፋኑን ፍቺና ከጀርባው መሀል ላይ ያለውን ተለጣፊ ወረቀት በቀስታ ላጪው። ከሥሩ ቀዳዳ ካለ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጣል አድርጊበት። አንድ ብቻ! ኮምቦልቻ ላይ ልብስ ሰፊ ጎረቤት አይጠፋም። የምግብ ዘይት እንዳታስቢው፤ ቆይቶ እንደ ሙጫ ይሆናል። የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይም አይሆንም፤ የነበረውን ቅባት ጭምር አጥቦ ያወጣዋል። ከሥሩ ድፍን ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ አትታገይው።

ዘይቱ ሳምንታት ወይም ጥቂት ወራት ሊያቆይሽ ይችላል። አዲሱን ፋን ግን ዛሬውኑ እዘዢ።

ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ፦ ዱባይ የሚመላለስ ዘመድ አለኝ። የካርዱን ስም ብነግረው ፋኑን ያመጣልኛል?

እዚህች ጋ ጆሮህን ስጠኝ፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው። እኔም ከስሬበታለሁ። መጀመሪያ ፋን ያስመጣሁለት ካርድ «ጂቲኤክስ 1060» ነበር። ይህንኑ ስም ብቻ ነግሬ ሰው ላክሁ። አምስት ሳምንት ጠብቄ ፋኑ መጣ፤ ሳስቀምጠው የብሎኑ ቀዳዳ በሁለት ሚሊ ሜትር ዘለለ። ሁለት ሚሊ ሜትር! ብስቅም ባለቅስም አልገባም አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 1060 የቺፑ፣ ማለትም ካርዱ ላይ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ክፍል፣ ስም ነው። ቺፑን ኤንቪዲያ ይሠራዋል፤ ካርዱን ግን አሱስም፣ ኤምኤስአይም፣ ጊጋባይትም፣ ዞታክም በየራሳቸው ሂትሲንክ (ሙቀቱን ከቺፑ የሚስበው ብረት) እና ፋን አልብሰው ይሸጡታል። አንዱ ኩባንያ ራሱ ለአንድ ቺፕ ሦስት አራት ዓይነት ያወጣል። ስለዚህ የካርዱን ስም እርሳውና የፋኑን ቁጥር ያዝ። ፋኑን ስትፈታ ከጀርባው ወይም ከመሀሉ ተለጣፊ ላይ እንደ «ፒኤልዲ09210ኤስ12ኤችኤች» ያለ ረጅም ጽሑፍ ታገኛለህ። ከሥሩ ዲሲ 12 ቮልት ይልና አምፒሩ ይከተላል፤ 0.35 ወይም 0.40 ሊሆን ይችላል። ያንን ፎቶ አንስተህ ለዘመድህ ላክለት።

ቁጥሩ ከጠፋ ማስመሪያ አውጣ። ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ፤ ከብሎን ቀዳዳ እስከ ብሎን ቀዳዳ ለካ፤ ሽቦዎቹን ቁጠር። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም ስድስት ናቸው። ቁጥሩ ውስጥ 092 ስላየህ ክንፉ 92 ሚሊ ሜትር ነው ብለህ ደግሞ እንዳትታለል። ያቺ ከላይ የጠቀስኳት በማስመሪያ ስትለካ ከ90 በታች ናት።

ባለ ሁለት ፋን ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ላይ አስመጣ። እኩል የሠሩ ናቸው፤ አንዱ ከሞተ ሌላው ተራውን እየጠበቀ ነው። ደግሞ አንዳንድ ካርድ ላይ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ይዞራል፤ ሁለት አንድ ዓይነት ገዝተህ እንዳትጉላላ።

ከሐይቅ፦ አሰላሙ አለይኩም። ዕቃው እስኪመጣ ምን ልሥራ? የቪዲዮ ሥራ አለብኝ።

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። የሞተውን ፋን ከነፕላስቲክ ልብሱ ንቀልና ሂትሲንኩን እርቃኑን አስቀረው። ከዚያ ሁለት ተራ የኬዝ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ፋን፣ 92 ወይም 120 ሚሊ ሜትር፣ ንፋሱ ወደ ሂትሲንኩ እንዲሆን አድርገህ በኬብል ታይ (በፕላስቲክ ማሰሪያ) እሰራቸው። ሽቦውን ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ቦርድ) ላይ ሰካ። ማዘርቦርዱ የሚያየው የፕሮሰሰሩን ሙቀት እንጂ የካርዱን ስላልሆነ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብተህ ሁሌ በሙሉ ኃይል እንዲዞሩ አድርግ። መልኩ ያስጠላል፤ ሥራው ግን አሪፍ ነው። እንዲህ ታስሮ ዓመት ያለፈው ካርድ አውቃለሁ፤ ባለቤቱ አዲሱን ፋን ገዝቶ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦታል።

ተማሪ ነኝ፣ ደሴ፦ እዚህ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ያለ ፋን ቢሠራስ?

ሃሃ፣ የጦሳ ተራራ ንፋስ በመስኮት ገብቶ ቢያበርድልን ጥሩ ነበር። 1060 እንኳ 120 ዋት ይበላል፤ አርኤክስ 580 የሚባለው ካርድ ደግሞ 185 ነው። ያ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ አንተ ጋቢ ደርበህ እሱ ይቃጠላል። 1060 ከ94 ዲግሪ እንዳያልፍ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ፍጥነቱን ቀንሶ ጌሙን ያንቀራፍፈዋል፤ አልሆን ሲለው ይጠፋል።

ሌላም ነገር አለ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው ያለችው። አየራችን ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ፋኑ እኩል ቢዞርም የሚነዳው አየር ያንሳል። ብርዱ ግን ይክሰናል፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ስትገባ አየሩ ወፈር፣ ሙቀቱም ጨመር ይላል።

ከቆቦ፦ አዋራው አስቸግሮኛል። ጎሚስታ ቤት ወስጄ ላስነፋው?

የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ውስጡ ውሃ ይጠራቀማል፤ ካርድህ ላይ ሊረጨው ይችላል። ኃይሉም ያለ ልክ ነው፤ ክንፉን ከአቅሙ በላይ ያሽከረክረዋል። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃሃል። የግድ ንፋስ ካልክ ክንፉን በጣትህ ያዝ።

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፦ ራሴ ልፈታው ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መጀመሪያ ካርዱን አምስት ደቂቃ አሠራው፤ የደረቀው ቴርማል ፔስት (በቺፑና በሂትሲንኩ መሀል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ይለሰልሳል። ከዚያ አጥፋ፣ ሶኬቱን ንቀል፣ የኬዙን ብረት ነካ አድርግ። አንዳንድ ካርድ ላይ ፋኑ ብቻውን ይፈታል፤ ያን ጊዜ ሂትሲንኩን አትንካው። መፍታት ግድ ከሆነ ግን አትጎትተው፤ ግራ ቀኝ ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያደረግህ አላቀው። ቴርማል ፓዶቹ (ሙቀት የሚያስተላልፉት ለስላሳ ቁራጮች) የቱ የት እንደነበረ ፎቶ አንሳ። ስትመልሰው አዲስ ፔስት ቀባና ብሎኖቹን በመስቀልኛ እያፈራረቅህ አጥብቅ።

የፋኗ ሶኬት ከስንዴ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። እኔ አንዴ ቸኩዬ ሽቦውን ይዤ ሳብ አደረግሁት፤ ሶኬቷ ከነመቀመጫዋ ከቦርዱ ተነቅላ እጄ ላይ ቀረች። በስታኞ መልሼ ስበይዳት አመሸሁ። የእሾህ ማውጫ ወረንጦ አለ አይደል? በእሱ የፕላስቲኩን ጎንና ጎን ይዘህ በየተራ ወዝወዝ ካደረግሃት ትወጣለች።

ከከሚሴ፦ የፋኑ ክንፍ አንዱ ተሰብሯል። በሱፐር ግሉ ላጣብቀው?

አይበረክትም፤ ሚዛኑ ስለሚዛባም ይንቀጠቀጣል። «ትይዩውን ሰብሬ ላመጣጥነው» የሚል ብልጥም ገጥሞኛል። የብዙዎቹ ክንፍ 9 ወይም 11 ነው፤ ጎዶሎ ቁጥር ትይዩ የለውም።

ከወልድያ፣ ሌላ ሰው ነኝ፦ አዲሱን አስገባሁት፤ አሁንም አይዞርም።

ሶኬቷ እስከ ታች ገብታለች? አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ቀጥሎ የአሮጌውንና የአዲሱን የሽቦ ቀለም ጎን ለጎን አስተያይ፤ ሶኬቱ አንድ ሆኖ የሽቦው ተራ የተለየ ይኖራል። አሮጌው ፋን በጣት ሲነካ እንደ ልቡ ይዞር ነበር? እንደዚያ ከሆነ ቦርዱ 12 ቮልቱን መስጠቱ በቴስተር ይታይ። ወደ ደሴ ብቅ ካልክ ካርዱንም፣ አሮጌውን ፋንም ይዘህ ና። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አለሁ።