የሳር ሜዳ አያያዝ በጣና ዳር፦ ጥያቄና መልስ

በባሕር ዳር የሆቴል ግቢ፣ የእግር ኳስ ሜዳና የመኖሪያ ቤት ሳር የሚንከባከቡ አባላት ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። በጎልፍ ሜዳ አያያዝ የዳበረው ሙያ ለሁሉም ስለሚጠቅም እርሱንም እያነሣሁ አልፋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሆቴላችን ሳር ከጥር ጀምሮ ይገረጣል። ከውጭ ያገኘነው መመሪያ ሳሩ በብርድ እንቅልፍ ላይ ስለሆነ እንዳንነካው ይላል። እንተወው?

መልስ፦ አትተዉት። መመሪያው የተዘጋጀው በረዶ ለሚጥልባቸው አገሮች ነው። ሰርዶ በብርድ ምክንያት እድገቱን የሚያቆመው የአፈሩ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ባሕር ዳር ግን የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ቢቀዘቅዝም ቀኑ ፀሐያማ በመሆኑ አፈሩ ያን ያህል አይበርድም። ሳራችሁን ያገረጣው ጥም ነው። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚጥል፣ እዚህ የሥራ ጊዜያችንን የሚወስነው ውኃ እንጂ ብርድ አይደለም፤ የሚቀጥሉት መልሶቼም በዚሁ ላይ የቆሙ ናቸው።

በበጋ ለአንድ ካሬ ሜትር በሳምንት 25 ሊትር ያህል ውኃ መድቡ፤ ይህንንም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት ይልቅ በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ፣ በማለዳ፣ አርክታችሁ አጠጡ፤ ሥሩ ወደ ታች የሚወርደው ውኃውን ተከትሎ ነውና። መርካቱን ለማወቅ ቀጭን ብረት ወደ መሬቱ ውጉ። አንድ ስንዝር ያህል በቀላሉ ከገባ በቂ ነው፤ ሁለት ጣት ያህል ገብቶ ከቆመ ግን የራሰው ላዩ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የቀበሌያችን ኳስ ሜዳ ዋልካ አፈር ላይ ነው። በሐምሌ ውኃ ይተኛበታል፤ በመጋቢት ደግሞ ይሰነጠቃል። አሸዋ ብናፈስበት ምን ይላሉ?

መልስ፦ አሸዋን በዋልካ ላይ አፍስሶ ማደባለቅ ገንዘብ የሚበላና ውጤቱ የማያረካ ሥራ ስለሆነ አልመክረውም። መጀመሪያ የሜዳውን ዘንበል አስተካክሉ፤ በየ100 ሜትሩ ቢያንስ አንድ ሜትር ዝቅ እያለ ውኃው ወደ ዳር ቦይ መውረድ አለበት። ከዚያ በኋላ መሬቱን መብሳት ይገባል፤ ይኸውም ከአፈሩ ትንንሽ ጥቅል እየነቀሉ ማውጣትና ቀዳዳውን በታጠበ አሸዋ መሙላት ማለት ነው። እዚህ ላይ ጊዜው ወሳኝ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ብትበሱት እርጥቡ ዋልካ የቀዳዳውን ግድግዳ እንደ ጭቃ ቤት ምርጊት ለስኖ ይዘጋዋል፤ በየካቲት ብትበሱት ደግሞ ሳሩ ቁስሉን የሚሸፍንበት አቅም የለውም። መስከረም አጋማሽ ካለፈ በኋላ አፈሩን በእጃችሁ ጨብጡት፤ ጣት ላይ ሳይጣበቅ የሚፈረፈር ከሆነ ጊዜው ደርሷል። ውኃ በተኛበት ቀን ጨዋታ መከልከል ቅር ቢያሰኝም፣ በጭቃ ላይ የሚደረግ አንድ ጨዋታ የሚያደርሰው ጉዳት ወራት ይዘልቃል።

ጥያቄ፦ በጣና ዳር የጎልፍ ሜዳ ቢሠራ የሚስማማው ሳር የትኛው ነው?

መልስ፦ ለሰፊው መጫወቻ ክፍል ሰርዶም ሆነ ኪኩዩ ሳር ይሆናል። ኪኩዩ የእኛን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ የራሱ ተወላጅ ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ ወፍራም ምንጣፍ ስለሚሠራ በየጊዜው መሣሣት አለበት። ኳሷ የምትገባበት ቀዳዳ ያለበት፣ ግሪን የሚባለው ክፍል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ድረስ ስለሚታጨድ ለዚሁ የተዳቀለ ደቃቅ ሰርዶ ይፈልጋል፤ ከሥሩም 10 ሴንቲሜትር ጠጠርና በላዩ 30 ሴንቲሜትር አሸዋማ አፈር ይነጠፍለታል። ለተራ ግቢ ይህን ቁመት አትመኙ። በአንድ አጨዳ ከቅጠሉ ቁመት አንድ ሦስተኛውን ብቻ ቁረጡ፤ በክረምት ይህ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማጨድ ሊሆን ይችላል። ካጨዳችሁ በኋላ የቅጠሉን ጫፍ ተመልከቱ፤ ነጣ ያለ ክር ተንጠልጥሎበት ከሆነ ምላጩ ደንዟል፤ ሳሩን እየቀደደው እንጂ እየቆረጠው አይደለም።

ጥያቄ፦ ዩሪያ መቼ እንጨምር?

መልስ፦ ዝናቡ በለዘበበት በሰኔ መጀመሪያና በመስከረም መጨረሻ፣ ለ100 ካሬ ሜትር አንድ ኪሎ ያህል በትናችሁ ውኃ አጠጡበት። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ በሐምሌ ዶፍ ዋዜማ የተበተነ እንደሆነ ታጥቦ ወደ ሐይቁ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየውን እምቦጭ የሚቀልበው እንዲህ ያለ ንጥረ ነገር ነውና ይህን ቀላል ጥፋት አድርጋችሁ እንዳታዩት አደራ እላለሁ። በውኃው ዳር ማዳበሪያ የማይነካው ሰፊ የሳርና የደንገል ቀበቶ ተዉ።

ጥያቄ፦ እምቦጩን ራሱን ለኮምፖስት ብንጠቀምበትስ?

መልስ፦ አበባ ሳያወጣ የተሰበሰበ ከሆነና ክምሩ በደንብ ግሎ ከበሰለ ይቻላል። ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ ያበበውን ከውኃ ዳር ወዳለ ሜዳ አታምጡት።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ሳሩ በሁለት ቀን ውስጥ ተመጥምጦ አለቀ።

መልስ፦ ተምችን ጠርጥሩ። በባልዲ ውኃ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥብጣችሁ አንድ ካሬ ሜትር ላይ አፍስሱ፤ ትሎቹ ካሉ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ላይ ይወጣሉ። ትናንሽ ሳሉ ለግብርና ባለሙያ ብታሳዩ መከላከሉ ይቀላል።

ጥያቄ፦ ጉማሬ ሌሊት ሳራችን ላይ እየወጣ ይግጣል፤ መሬቱንም ይሰረጉደዋል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ጥበቃዎቻችሁ በእግር ሄደው እንዳያባርሩት፣ በተለይም በእርሱና በውኃው መካከል እንዳይቆሙ አጥብቃችሁ አስጠንቅቋቸው፤ ሰው ይገድላል። ጉማሬ የሚመርጠው አጭርና ለምለም ሳር ስለሆነ፣ ከሐይቁ አጠገብ ያለውን ሳታጭዱ ማሳደግና ከዚያ ወዲህ ጠንካራ አጥር ማቆም ይሻላል። የእግሩን ጉድጓድ ቶሎ በአፈር አትሙሉት፤ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ብረት ከዳር አስገብታችሁ የተጨፈለቀውን ሳር ከነሥሩ ቀና አድርጉት፤ ከሥሩ የቀረውን ክፍተት ብቻ በአሸዋማ አፈር ሙሉ።