ስለ ጣና ዙሪያ ላቀረባችሁት ጥያቄ መልስ

ስለ ድንበሩ፣ ስለ ውሃውና ስለ ሕዝቡ ግራ የገባችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር። እየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጣና የጎጃም ነው የጎንደር?

መልስ፦ የሁለቱም ነው። ደቡቡ ባሕር ዳር ዙሪያና አቸፈር ነው፤ ጎጃም ማለት ነው። ምሥራቁን ደራ፣ ፎገራና ሊቦ ከምከም ይዘውታል፤ ደቡብ ጎንደር ናቸው። ሰሜኑ ጎንደር ዙሪያና ደምቢያ። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ጎጃምን ይዞራል፤ ድሮም የጎጃምና የበጌምድር (የዛሬው ደቡብ ጎንደር ያለበት የቀድሞ ግዛት) ወሰን እሱ ነበር።

ጥያቄ፦ እኛ አካባቢ በሐይቅ ዳር መሬት በየዓመቱ ጠብ አለ። ምንድነው ነገሩ?

መልስ፦ ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሰፋም ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ከክረምቱ በኋላ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ከዚያ እስከ ሰኔ ይሸሻል። ፎገራ ሜዳ ላይ ውሃው ትንሽ ዝቅ ሲል ሰፊ መሬት ይገለጣል። ገበሬው እግር በእግር ተከትሎ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። አምና ያረሰው ቦታ ዘንድሮ ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ታዲያ ችካሉን የት ይትከል? በዚያ ላይ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ በተሠራው የውሃ መቆጣጠሪያ የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅም ገብቷል። እኔን ከጠቡ በላይ የሚያንገበግበኝ ደንገሉ፣ ሐይቁ ዳር የሚበቅለው ረጅሙ ተክል ነው። ውሃው በሸሸ ቁጥር ደንገሉ ተመንጥሮ ማሳ ይሆናል። ዓሣው የሚራባው በእሱ ውስጥ፣ ታንኳውም ታስሮ የሚሠራው ከእሱ ነው! እባካችሁ ዳር ዳሩን እንኳ ተዉለት።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ሕዝብ አንዱ ጋ 155 ሺህ፣ ሌላው ጋ 222 ሺህ ይላል። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ሁለቱም የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ናቸው። የመጀመሪያው ከተማዋ ብቻ ናት። ሁለተኛው ዘጌን፣ መሸንቲንና ጢስ ዓባይን የጨመረው ልዩ ዞን ነው። ቁጥር ከመጥቀሳችሁ በፊት ወሰኑን ጠይቁ። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ይቆጠር ቢልም ቀጣዩ ቆጠራ እየተራዘመ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ የምታዩት ሁሉ ግምት ነው። ከተማዋ እንደሰፋች ግን ማንም ያያል።

ጥያቄ፦ ክልሉ አሁንም ገጠር ነው?

መልስ፦ በዚያው ቆጠራ ከ17 ሚሊዮኑ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተሜው 12 በመቶ ገደማ ነበር።

ጥያቄ፦ ደቅ ደሴት ላይ ሰው አለ?

መልስ፦ አዎ፣ ገበሬ ይኖርበታል። ከጣና ደሴቶች ትልቁ ነው። ጎኑ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ ግን የመነኮሳት ነው፤ ሴት አይገባበትም።