የጎረቤት ድመት የአንቺን ድመት ሲያሳድድ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ያለፈ ዓመት ያነበብኩ መሰለኝ። የጎረቤትሽ ወንድ ድመት ግቢሽ እየገባ ድመትሽን ይደበድባታል፣ ምግቧን ይበላባታል፤ እሷ ደግሞ አልጋ ሥር ተወሽቃ አልወጣም ብላለች። ለጎረቤቴ ምን ብዬ ልንገራት፣ ድመቱንስ ምን ላድርገው ነው ያልሽው። በኔ ላይ የደረሰውን እንዳለ ልንገርሽ። ግማሹን ያጠፋሁት እኔው ነኝ፤ አንቺ እንዳትደግሚው።

የኔ ድመት ሚጡ ትባላለች። ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። የተመከነች፣ ቅምጥል፣ ከበረንዳው ርቃ የማትሄድ ድመት ናት። አንድ ቀን አጥሩ ላይ ግራጫ ድመት ቁጭ ብሎ አየሁ። ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ጉንጩ እንደተነፋ ፊኛ የሰፋ፣ አንድ ጆሮው ጫፉ የተተለተለ። ሚጡን ያያታል። ዝም ብሎ፣ ሳያርገበግብ ያያታል። እኔ ሞኙ «ጓደኛ ሊሆናት ነው» ብዬ ተደሰትኩ። ፎቶ ሁሉ አንስቻለሁ።

ድመት እንደዚያ ሲያፈጥ ጠቡ ተጀምሯል ማለት ነው። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። እኛ ጠብ የምንለው ጩኸቱንና ፀጉር መነጫጨቱን ነው፤ ለነሱ ግን ማፍጠጥ፣ መተላለፊያ ላይ ተዘርግቶ መተኛት፣ የሌላውን ቦታ ቀድሞ መያዝ ሁሉ ጠብ ነው። ግራጫው ሚጡን ሳይነካት ሁለት ሳምንት ሙሉ አሸንፏታል። በሩና የምትጸዳዳበት የአሸዋ ሣጥኗ መሀል ይጋደማል። እሷ መውጣት ትፈልጋለች፣ ታየዋለች፣ ትመለሳለች። አንድ ቀን ምንጣፉ ላይ ሸናች። ተቆጣኋት። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ከዚያ አንድ ሌሊት የሕፃን ለቅሶ የሚመስል ጩኸት ሰማሁ። ስወጣ ግራጫው የለም፤ በረንዳው ላይ የሚጡ ፀጉር በጭብጥ ተበትኗል። አገላብጬ አየኋት፤ ደም የለም። «ተረፍሽ» ብዬ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ምግቧን አሸተተችና ተወችው። ጀርባዋን ስዳብስ ጭራዋ ሥር ጋ ስደርስ ጮኸች። አብጧል፣ ይፋጃል።

የእንስሳት ሐኪሙ ፀጉሯን ሲላጭ የታየው ነገር ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነበር፤ መርፌ የወጋው ያህል። ሲከፍተው የወጣውን መግልና ሽታውን አልነግርሽም። እንዲህ ነው ያስረዳኝ፦ የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ጠልቆ ይገባል። ቆዳው ግን ወዲያው ይዘጋል። በጥርሱ የገባው ጀርም ውስጥ ታሽጎ ይቀርና ከሁለት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ መግል ይቋጥራል። ስለዚህ ከተጣሉ በኋላ «ደም የለም» ብለሽ አትተኚ። ለሳምንት ያህል በየቀኑ በእጅሽ ዳብሻት፤ በተለይ ጭራዋ ሥር፣ እግሯ፣ አንገቷና ጉንጯ። ሐኪሙ ሌላም ነገር ነገረኝ። ቁስሉ ጭራ አካባቢ ከሆነ ስትሸሽ ነው የተነከሰችው፤ ፊቷ ላይ ከሆነ ቆማ ስትከላከል ነው። የሚጡ የሽሽት ነበር። አንጀቴን በላችኝ።

ያመማት መስሎሽ የሰው ማስታገሻ እንዳትሰጫት። ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል፤ ትንሹም ቢሆን።

የደም ምርመራም ጠይቂ። በጥልቅ ንክሻ ከድመት ወደ ድመት የሚተላለፍ፣ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም ቫይረስ አለ። የኛን ኤችአይቪ ይመስላል፣ ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። ሌላው የድመት ሉኪሚያ ነው፤ እሱ በምራቅም ይሄዳል። ወዲያው ተመርምራ ነፃ ብትባል እንኳ ቫይረሱ ገና ላይታይ ስለሚችል ከሁለት ወር በኋላ መድገም ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷም ጊዜው እንዳላለፈ አረጋግጪ። ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትንም ሰውንም አይምርም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት። ከሐኪም እንደተመለስኩ ጦርነት አወጅኩ። ጫማ ወረወርኩ፣ ውሃ ደፋሁ፣ የሎሚ ልጣጭ አጥሩ ላይ ደረደርኩ። ልጣጩን አልፎት መጥቶ እዚያው ተኛ። ጩኸቴ ያስፈራው ሚጡን ነው። ግራጫው ሲመጣ እኔ አብዳለሁ፤ እሷ ደግሞ «ይህ ድመት ሲመጣ ዓለም ይገለበጣል» ብላ ተማረች። ፍርሃቷን ያባስኩት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ደግሞ ሲናቆሩ እጄን መሀል አስገባሁ። የነከሰችኝ ሚጡ ናት። እንደ ልጄ የማያት! በዚያ ሰዓት ሰው አትለይም፤ የደረሰችበትን ነው የምትነክሰው። ማታ ላይ እጄ እንደ ዳቦ ተነፋ። ድመት ከነከሰሽ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል እጠቢና የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ነገ አትበዪ። ሲጣሉ ለመለያየት በኃይል አጨብጭቢ፣ ድስት በክዳን ምቺ፣ ወይ ካርቶን በመሀላቸው አስገቢ። ካለቀ በኋላም አቅፈሽ አታባብያት። ጨለም ያለ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ተያት። ለመብረድ ሰዓታት ሊፈጅባት ይችላል። በመስኮት እሱን አይታ የተናደደች ድመት ዞራ ባለቤቷን ወይም አብራት ያደገችውን ድመት እንደምትቧጭርም እወቂ። ድንገት ጠባይዋ ከተለወጠ መስኮቱ ጋ ማን እንዳለ እዪ።

ነገሩ የተፈታው አንድ ሰው «ለመሆኑ ምን ፈልጎ ነው የሚመጣው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው። መልሱ በረንዳዬ ላይ ነበር፤ የሚጡ ሳህን። ጠዋት ሞልቼ እወጣለሁ፣ ማታ ባዶ አገኘዋለሁ። «ዛሬ በላችልኝ» እያልኩ ለወራት የመገብኩት እሱን ነው! ራሴ በየቀኑ ግብዣ ጠርቼው ለምን መጣህ ብዬ ጫማ እወረውራለሁ።

ሳህኑን ወደ ውስጥ አስገባሁት። በሰዓት ሰጥቼ የተረፈውን አነሳለሁ። የአሸዋ ሣጥኑንም ከበሩ አጠገብ ወደ ውስጠኛው ክፍል ወሰድኩት፤ በመንገዷ ማንም እንዳያፈጥባት። ግራጫው ተቀምጦ የሚያይበትን የታችኛውን መስታወት ብርሃን በሚያሳልፍ ግን በማያሳይ ላስቲክ ሸፈንኩ። ቁም ሣጥኑ ላይ ብርድ ልብስ አነጠፍኩላት፤ ከፍ ያለ ቦታ ስታገኝ ልቧ ይረጋል። መደበቂያ ካርቶን ከሰጠሻት ሁለት በር ቅደጂለት። አንድ በር ያለው ካርቶን ወጥመድ ነው።

በሩና ግድግዳው ላይ ሸንቶ ምልክት አድርጎ ነበር። በረኪና ወይም አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አትጠቀሚ። በተለይ የአሞኒያው ሽታ ከሽንት ጋር ስለሚመሳሰል «ሌላ ድመት እዚህ ሸንቷል» ብሎ ደግሞ ይሸናበታል። የሽንት ሽታ የሚፈጭ ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ይሻላል።

ለድመት ብቻ የተሠራ ቀዳዳ በር ካለሽ ዝጊው። አለዚያም ድመትሽ ከቆዳዋ ሥር የተቀበረ መለያ ቺፕ ካላት፣ እሱን አንብቦ ለሷ ብቻ የሚከፈተውን ዓይነት ግጠሚ። ተራው ለሁሉም ይከፈታል።

ጎረቤትሽን በተመለከተ፣ የመጀመሪያ ሙከራዬ አሳፋሪ ነበር። ጎረቤቴ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። በራቸውን አንኳኩቼ «ድመትዎ ዱርዬ ነው፣ ሊገድልብኝ ነው» አልኳቸው። «ማን? ማሙሽ?» አሉኝ። ያ ጉንጫም ስሙ ማሙሽ ነው! «ማሙሽ እኮ ዝንብ አይነካም። እኔ እቅፍ ውስጥ ነው የሚያድረው።» አልዋሹም። እቤት ውስጥ ጠቦት፣ አጥር ሲዘል ሽፍታ መሆን ለድመት አያስቸግረውም። ተኳርፈን ተለያየን። ለአንድ ወር ሰላምታም ቀረ።

ሁለተኛው ጊዜ በሌላ በኩል ገባሁ። ስለ ሚጡ ሳልናገር «የማሙሽን ጆሮ አይተውታል? ተተልትሏል እኮ። መግል እንዳይቋጥር» አልኳቸው። ጠርተውት ዳበሱት። አንገቱ ላይ የደረቀ ቁስል አገኙ፤ ደነገጡ። ከዚያ በኋላ ነው ስልኬ ላይ የቀረጽኩትን ያሳየኋቸው፤ በረንዳዬ ላይ ሚጡን ጥግ አስይዞ ሲያጉረመርም። ዝም ብለው አዩና «አይ ማሙሽ» አሉ፣ የልጃቸውን ጥፋት እንደሰማች እናት። አንቺም ስለሱ ጤና ብትጀምሪ ይሻልሻል። ሰው ስለ ድመቱ ሲከሰስ ጠበቃ ይሆናል፤ ስለ ድመቱ ስትጨነቂለት ግን ያደምጥሻል። ቪዲዮውን መጀመሪያ አታውጪ፤ ማስረጃ ይዞ የመጣ ሰው አይወደድም።

የጠየቅኋቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ ማሙሽ እንዲኮላሽ። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ሩቅ ይዞራል፣ ይደባደባል፣ ይሸናል፤ ያ የሰፋ ጉንጭም የወንድነት ሆርሞን ምልክት ነው። «ይጎዳብኛል» ብለው ፈሩ። ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የዚያኑ ቀን ይመለሳል፤ እኔ ይዤው እንደምሄድ ቃል ገባሁ፣ ሄድኩም። መንገዱን ሁሉ ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ አለቀሰ። ያ ሁሉ ጉልበት የት እንደገባ እንጃ።

በሳምንቱ «ይኸው ምንም አልተለወጠም» ብለው ደወሉልኝ። አይለወጥም። ሆርሞኑ ከደሙ እስኪወጣ ሳምንታት ይወስዳል። በሁለተኛው ወር ገደማ ነው ሽንቱ የቀረው፣ ዙረቱም ያነሰው። ግን ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም። ለረጅም ጊዜ የለመደውን ድንበር መጠበቅ መኮላሸት ብቻውን አያጠፋውም፤ ማሙሽ አሁንም አጥሬን የሱ አድርጎ ነው የሚያየው።

ለዚህ ነው ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው የበለጠ የጠቀመኝ፤ ሰዓት መከፋፈል። ድመቶች በተፈጥሯቸው ሳይገናኙ አንድን ቦታ በተለያየ ሰዓት መጠቀም ይችላሉ፤ እኛ ረዳናቸው እንጂ አዲስ ነገር አላመጣንም። ጠዋት የማሙሽ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚጡ። ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ድመቶች በጣም የሚንቀሳቀሱበት ሰዓት ስለሆነ ሁለቱም ቤታቸው። መጀመሪያ ላይ ጎረቤቴ ይረሱት ነበር። አሁን በየቀኑ አንድ መልእክት ይደርሰኛል፦ «ማሙሽ ገብቷል»። ከዚያ በሩን እከፍታለሁ።

የድመቱን ባለቤት ካላወቅሽ፣ ድመቱም መነካት ከፈቀደልሽ፣ በቀላሉ የሚቀደድ የወረቀት ቀበቶ አንገቱ ላይ አድርጊለትና «ባለቤት አለኝ?» ብለሽ ስልክሽን ጻፊበት። ሰው ካለው ወረቀቱ ይወልቃል ወይም ይደወልልሻል።

«ተያቸው፣ ራሳቸው ይጨርሱታል» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። እኔንም ብለውኛል። የድመት የድንበር ጠብ ብዙ ጊዜ በዕርቅ አያልቅም፤ ደካማው ቤቱን ጥሎ ሲሄድ ወይም አልጋ ሥር ሲኖር ነው የሚያልቀው። መርዝ፣ የብል ክኒን፣ ወስዶ ሩቅ መጣል የሚልሽንም አትስሚ። መርዙን የአንቺዋም ልትልሰው ትችላለች፤ ጭካኔውን ትተነው ማለት ነው።

አልጋ ሥር ስላለችው ድመትሽ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ምን ያህል እንደምትበላና እንደምትሸና እዪልኝ። ድመት ሁለት ቀን ያህል ሳትበላ ከቆየች ጉበቷ ሊጎዳ ይችላል። ጭንቀት ደግሞ የሽንት ፊኛቸውን ያስቆጣዋል፤ ሣጥኑ ላይ ደጋግማ ተቀምጣ ጠብታ ብቻ ከወጣ ወይም ደም ካየሽ ሐኪም ጋ ነው። ወንድ ድመት ያለው ሰው ይህን ካነበበ፣ ወንዱ ጨርሶ መሽናት ካቃተው የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ሊሞት ይችላል። ከአልጋው ሥር ጎትተሽ አታውጫት። ምግቧን ወደሷ አስጠጊ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያራቅሽ ወደ ክፍሉ መሀል አምጪው። ሚጡ 11 ቀን ፈጅቶባታል፤ በ12ኛው ቀን እግሬ ላይ መጥታ ተኛች።

አሁን አልተዋደዱም፤ አይዋደዱምም። ትናንት ሚጡ አጥሩ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ማሙሽ ከመስኮቱ ኋላ ሆኖ ያያታል። እሷ ጀርባዋን ሰጥታው እግሯን ትልሳለች።

እስቲ ሁለት ነገር መልሺልኝ። የድመትሽ ሳህን አሁን የት ነው ያለው? የዚያኛውስ ጉንጭ ሰፊ ነው ወይስ እንደሷ ሹል?