ሰው ጨረቃን ረግጧል ወይስ አልረገጠም? የአባላት ጥያቄና መልስ

አራት ኪሎ የሚሰበሰቡ የሥነ ፈለክ ወዳጆች፣ አሜሪካ ሰዎችን ወደ ጨረቃ የላከችባቸው የአፖሎ ጉዞዎች የተቀነባበሩ ናቸው በሚለው ክርክር ላይ ላቀረቡት ጥያቄ፣ የድንጋይ ጥናት መምህር የሆኑት አባላችን የሰጡት መልስ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ መምህር፣ ነፋስ በሌለበት ባንዲራው እንዴት ተዘርግቶ ቆመ?

መልስ፦ በላይኛው ጠርዙ አግዳሚ ዘንግ ገብቶለታል። የተወዛወዘውም ሰዎቹ ምሰሶውን ሲተክሉ ነው።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ በፎቶው ላይ ኮከብ ለምን አይታይም?

መልስ፦ በየትኛው ፎቶ? ከ1969 እስከ 1972 ስድስት ጊዜ ስላረፉ፣ እባካችሁ የትኛውን በረራ እንደምትሉ ግለጹ። ለማንኛውም ፎቶዎቹ የተነሡት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ለዚያ ብርሃን የተስተካከለ ካሜራ ኮከብ አይዝም።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ አመጣን የሚሉትን 382 ኪሎ ግራም ድንጋይ፣ ከጨረቃ ወደ ምድር ከወደቀው ከአንታርክቲካ ለቅመውት ቢሆንስ?

መልስ፦ ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ቢሆን ደስ ባለኝ! ከአዲስ አበባ ዙሪያ የተነሣ ባዛልት (ከቀለጠ ድንጋይ የረጋ ጥቁር ድንጋይ) ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ በስሱ ተፈጭቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ኦሊቪን የሚባለው ማዕድን ቅንጣቶች ጠርዝ ብዙ ጊዜ ውኃና አየር ስለነካው ወደ ቀይ ቡናማ ተለውጦ ይገኛል። የአፖሎ ባዛልት ግን ከሦስት ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ እያለው ውኃና አየር ስላልነካው ኦሊቪኑ ትናንት የረጋ ይመስላል፤ በውስጡም ያልዛገ የብረት ቅንጣት አለ። ገጹ ላይ ደግሞ ደቃቅ የጠፈር ብናኝ በከፍተኛ ፍጥነት ሲመታው የተፈጠሩ፣ ውስጣቸው በመስታወት የተለበጠ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታያሉ። ከጨረቃ ወደ ምድር የሚወድቅ ድንጋይ አየር ሲያቋርጥ ገጹ ስለሚቀልጥ እነዚህን ይዞ አይደርስም። ከዚህም በላይ፣ በአንታርክቲካ የተገኘ ድንጋይ ከጨረቃ መምጣቱ የታወቀው በ1980ዎቹ፣ ያውም ከአፖሎ ናሙናዎች ጋር ተነጻጽሮ ነው። የሶቪየቷ ሉና 16 በ1970፣ የቻይናዋ ቻንግ ኧ 5 በ2020 ሰው ሳይሄድ ያመጡት አፈርም የጨረቃን ጠባይ ያሳያል።

አባል (ከልደታ)፦ ተፎካካሪዎቹ ሶቪየቶች ማታለሉን ሳያጋልጡ ዝም ያሉት አሜሪካ ስንዴ ስለሸጠችላቸው ነው።

አባል (ከስታዲየም)፦ ታዲያ በዚያ ዘመን ሲጣሉ ያልተናገሩት ምሥጢር ነበር ወይ? ስንዴውን የትም መግዛት ይችሉ ነበር።

አባል (ከልደታ)፦ የትም አይችሉም! የዚያን ዓመት መከራቸው ከባድ ነበር።

መልስ፦ ስለ ስንዴ ንግድ ሌላ ቀን ተነጋገሩ። ሽያጩ የተፈጸመው በ1972 ነው፤ አፖሎ 11 ያረፈችው ግን ሐምሌ 20 ቀን 1969 ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሶቪየቷ ሉና 15 ራሷ ጨረቃን እየዞረች ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ምን አፋቸውን ያዘው?

ጥያቄ (ከቸርችል ጎዳና)፦ ባንዲራው ግን እንዴት ተውለበለበ?

መልስ፦ ተመልሷል። ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ ያለውን አንብቡ።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ጨረሩስ አይገድላቸውም ነበር?

መልስ፦ ሙያዬ አይደለም። ምድርን የከበበውን የጨረር ቀበቶ በሰዓታት ውስጥ ማለፋቸውን ብቻ እነግርዎታለሁ።

ጥያቄ (ከስድስት ኪሎ)፦ ጨረቃ ላይ የተዉትን በእንጦጦው ቴሌስኮፕ አይተን ለምን አንገላገልም?

መልስ፦ አይቻልም። አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ከ384,000 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ አየሩ ባይረብሸው እንኳ፣ ከመቶ ሜትሮች ያነሰ ነገር አይለይም፤ እዚያ የቀረው የመንኮራኩር ክፍል ደግሞ ከእግሮቹ ጋር ዘጠኝ ሜትር ገደማ ነው። በ2009 ወደ ጨረቃ የተላከችው የአሜሪካ መንኮራኩር ኤል አር ኦ ግን ከቅርብ እየዞረች ያንን ክፍልና ሰዎቹ የተመላለሱበትን ዱካ ፎቶ አንሥታለች። ፎቶዎቹን ስታዩ፣ አሁንም እለምናለሁ፣ የትኛው በረራ እንደሆነ ለዩ።