መጀመሪያ ቅመሱት

ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ለመረጣችሁ ልጆቼ፣

የምርምር ርዕስ ፍለጋ ቢሮዬ ስትመጡ ብዙ ጊዜ ናኖ ምናምን የሚል ነገር ከኢንተርኔት አውርዳችሁ ነው። አልከፋም። ግን ከአዳማ ወንጂ በሚኒባስ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ጥርሱ የበለዘ ሰው ሳታዩ አትመለሱም። የእኔ ርዕስ የመጣው ከዚያ ነው።

የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ከእሳተ ገሞራው አለት ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል። ካለፈ የልጆች ጥርስ ይበልዛል። ብዙ ከሆነና ለዓመታት ከተጠጣ ደግሞ አጥንት ይይዛል፤ ወገብ አልታጠፍ ይላል። በወንጂ አገዳ ማሳ ሠራተኞች ላይ ሐኪሞች አይተው መዝግበውታል። ማፍላት አያድንም። ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ይቀራል።

ይህን ፍሎራይድ ከሚለቅሙት ነገሮች አንዱ ሥጋ ቤት የሚጥለው አጥንት ነው፣ አየር ሳያገኝ ከከሰለ። ጣጣው ሙቀቱ ላይ ነው። ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ገደማ ደህና ነው። በጣም ካለፈ የመልቀም አቅሙ ይወርዳል። ካነሰ ስቡ ተቃጥሎ አያልቅም።

የመጀመሪያዋ የባልዲ ማጣሪያዬ አጥንት ያነሰ ሙቀት ነበር የደረሰው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ስለካው ግን ያጣራችው ውሃ ፍሎራይድ በሊትር 1 ሚሊግራም እንኳ አልሞላም። ደረቴን ነፍቼ ወስጄ አንዲት እናት ቤት ተከልኳት። በሳምንቱ ብመለስ ባልዲው ውስጥ ካልሲ ተዘፍዝፏል።

«ምነው እማማ?»

«ልጄ፣ አጥንት አጥንት ይላል። ደግሞ ጾም ነው።»

ቁጥሬ ልክ ነበር። ጾሙ ግን ሠንጠረዤ ላይ አልነበረም። እኔም ውሃውን አንዴ እንኳ አልቀመስኩትም፤ ይህን ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ማስ ባላንስ (የገባው፣ የወጣውና የቀረው ሂሳብ) ሳስተምር በዚህች ባልዲ ነው የምጀምረው። በሊትር 10 ሚሊግራም ይገባል፣ 1 ይወጣል። በቀን 20 ሊትር ቢጣራ 180 ሚሊግራም የት ሄደ? «ተወገደ» ትሉኛላችሁ። የት? ከሰሉ ውስጥ ተቀምጧል እኮ! አንድ ቀን ይሞላል። ሲሞላ የውሃው መልክም ጣዕሙም አይለወጥም። ታዲያ ለእማማ ማን ይንገራቸው? ያገለገለውስ ከሰል የት ይደፋ? እስካሁን የሚያስመሸኝ ይሄ ነው።

እና ስትመጡ ርዕሱን ተዉትና ከሰፈራችሁ ጉድጓድ አንድ ሃይላንድ ውሃ ይዛችሁልኝ ኑ። አጣርተን፣ ለክተን፣ ልኩ ከመጣ አንድ አንድ ብርጭቆ እንጠጣለን። እኔ እቀድማለሁ።